ተቃውሞ ያለው አለ?

በዚያ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ስለ ፍትሕ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይሰጣል። ፍትሕን ራሱን ለሰው መስጠት ግን የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም።

ይህን በራሷ ላይ ደርሶ ያየችው ቤተሰቦቿ «ጠበቃ» የሚሏት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ነች። ገና በልጅነቷ፣ ለታናሽ እህቷ የተቆረሰው ዳቦ ከእኔ ይበልጣል ብላ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተከራክራ ነበር። እናትየው በመጨረሻ የራሷን ድርሻ ሰጥታ ገላገለቻቸው፤ ስሙ ግን እንደ ተለጠፈ ቀረ።

የመጨረሻው ሴሚስተር በተጀመረ ሰሞን ጠበቃ የመመረቂያ ነገሯን ለማጣራት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ሄደች። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየች፤ በመነጽሯ አናት ላይ ልጅቷን አየች፤ እንደገና ኮምፒውተሩን አየች።

«አንድ ኮርስ ይጎድልሻል፤» አለቻት።

«ከየት?»

«ከንድፈ ሐሳብ።»

«እትዬ፣ ከንድፈ ሐሳብ ሁለቱንም ወስጃለሁ። አንዱ የፍትሕ ጽንሰ ሐሳቦች ነው፤ ኤ ነው ያገኘሁበት።»

«እሱ አሁን ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ወደ ሕዝብ አስተዳደር ተዛውሯል።»

«ማን አዛወረው?»

«ኮሚቴው ነዋ። ባለፈው ሴሚስተር።»

«እኔ የወሰድኩት እኮ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው።»

ጸሐፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ፍትሕ መማርሽን ማንም አልካደም። ብቻ አይቆጠርልሽም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ከዚያ ትምህርት ክፍል ለመመረቅ ከአራት ዘርፎች፣ ማለትም ከፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ፣ ከንጽጽራዊ ፖለቲካ፣ ከዓለም አቀፍ ግንኙነትና ከሕዝብ አስተዳደር፣ ሁለት ሁለት ከፍተኛ ኮርሶች መውሰድ አለበት። የፍትሑ ኮርስ ሲዛወርባት የጠበቃ አስተዳደር ሦስት ሆነ፤ ንድፈ ሐሳቧ ወደ አንድ ወረደ። የቀረው የንድፈ ሐሳብ ኮርስ ደግሞ የሚሰጠው በዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ እሱም አልፏል። በልታ የጨረሰችውን ምሳ «እሱ እኮ እራት ነበር፣ ምሳሽን ገና አልበላሽም፤ ለዓመቱ ተመለሺ» እንደማለት ነው።

ዓመቱ የእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተናዳ፣ አልቅሳ፣ ቆይታ ትተወው ነበር። ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። እናቷ፣ ከዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚወስድ ከተማ፣ የቁልፍ፣ የክርና የዚፕ ሱቅ አላት። ዐይኗ ደክሞ ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው መለየት ካቃታት ቆይቷል። ስለዚህ ከሁለቱ ሴት ልጆቿ አንዷ ሱቁ ውስጥ መኖር ግድ ሆነ፤ እህትማማቾቹም ተራ ገቡ። ታላቋ ትማር፤ ጨርሳ ስትመጣ ታናሿ ትሂድ። ታናሿን ሌላ ከተማ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። አንድ ጊዜ ቦታዋን ለዓመት አቆይቶላት ነበር፤ ሁለተኛ እንደማያቆይ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል። ጠበቃ ዘንድሮ ካልተመረቀች ታናሿ ቦታዋን ታጣለች።

የዚያኑ ዕለት ስልክ ደወለችላት።

«ምንም አይደል፣ እታለም፤» አለች ታናሿ። «ዚፕ መሸጡንም ለምጄዋለሁ።»

ብታለቅስ ይሻል ነበር። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ይህ «ምንም አይደል» የሚሉት ነገር ጠበቃን እሳት አደረጋት።

በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ረጅም ልጅ ተቀምጦ ነበር። እሷ ዘጭ ስትል እሱ ብድግ አለ።

«ይቅርታ፤» አለች፣ ይቅርታ በማይመስል ድምፅ።

«ምንም አይደል፤» አለ ልጁ።

«ምንም አይደል አትበለኝ። ዛሬ ይህን ቃል የሚለኝን ሰው አልምርም።»

ልጁ አየት አደረጋትና ፈገግታውን ዋጠ። በመልክ ታውቀዋለች፤ በዚያው ዓመት፣ በሌላው ምድብ የሚማር፣ ጓደኞቹ «ዝምተኛው» የሚሉት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። በዚያ ቀን ግን፣ በሩ ሳይከፈት እየዋለ በሄደ ቁጥር፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈችለት። ስለ ኮርሱ፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ታናሿ ነገረችው። እሱ አላቋረጣትም፤ ምክር አልሰጣትም፤ ሰዓቱን አላየም። ጫማውን እያየ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ዐይኗን እያየ ሰማት። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲከብድ አየች፤ ለእሷ ያዘነላት መሰላት።

ስትጨርስ፣ «አብሬሽ ልግባ?» አላት።

«ገብተህ ምን ልትል?»

«ምንም። ብቻ አብሬሽ ልግባ።»

እንዲህ ተጀመረ። ኃላፊው ሳያስገቧቸው ከበር ላይ ወደ አማካሪዋ ላኳት። አማካሪዋ «እንደ ሁኔታው የሚታይ ነው» አሉና ወደ ሬጅስትራር ላኳት። ሬጅስትራሩ «እኛ የተላከልንን ነው የምንሠራው» ብሎ ወደ ዲኑ ላካት። ዲኑ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከስብሰባ ሲወጡ ምሳ ላይ ሆኑ፤ ከምሳ ሲመለሱ ጉዳዩ የትምህርት ክፍሉ ነው አሉ። ስለ መንግሥት ተጠያቂነት መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ናቸው እነዚህ። አንዲት ልጅ በራቸው ላይ ቆማ ስትጠይቃቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ዝምተኛው ከየበሩ ፊት አልጠፋም። ውሃ ገዝቶ ይጠብቃታል። እሷ እየነደደች ስትወጣ ሁለት ደረጃ ቀደም ብሎ ይወርዳል፤ እንዳትወድቅ ይሁን እንዳይታይበት፣ አልገባትም።

አንድ ቀን ሬጅስትራሩ ለምሳ ተዘግቶ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ፀሐዩ ይሞቃል። ጠበቃ ዲኑን፣ የዲኑን ጸሐፊና የዲኑን በር በየተራ ረግማ ጨርሳ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ግን ለምንድን ነው የማትናደደው?»

ትንሽ አሰበ። «አንቺ ስትናደጂ ለሁለታችንም ይበቃል።»

ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዐይኑ ዐይኗ ላይ እንደ ነበረ አየች፤ አልነቀለውም፤ እሷም አልሸሸችም። ደረጃውን የሚወጣ ሰው በመካከላቸው አለፈ፤ እነሱ እዚያው ነበሩ። በዕድሜዋ ሙሉ ስትናገር ሰዎች «በቃሽ» ሲሏት ኖራለች። ይህ ሰው በቃሽ ብሏት አያውቅም። ጠበቃ የወደደችው ዝምታውን ነው፤ በዚያች ቀን ለራሷም አልካደችም።

ምን ዋጋ አለው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በመጨረሻ ኃላፊው ሁለቱንም አስገቧቸው። ጠበቃ ቆማ ተናገረች፤ ኃላፊው እስክሪብቷቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ሰሙ።

«ልጄ፣ ውሳኔው በአግባቡ ነው የጸደቀው። በኮሚቴያችን ልማድ አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያድራል። ያኔ ቢያድር ኖሮ እናንተን የዘንድሮ ተመራቂዎችን ባልነካችሁም ነበር። ግን ማንም አልተቃወመም።»

«ተማሪ የጠየቀ አለ? የሚነካው እኛን አይደለም እንዴ?»

«የተማሪዎች ተወካይ ነበረ እንጂ።» ኃላፊው በእስክሪብቷቸው ጠቆሙ። «ይኸው አጠገብሽ ቆሟል። አንተ አልነበርክም?»

ተወካይ የተመረጠ ሰሞን ጠበቃ እናቷን ልትረዳ ሱቅ ሄዳ ነበር፤ ማን እንደ ተመረጠ ጠይቃም አታውቅም። ተማሪዎቹ እሱን የመረጡት ማንንም ስለማያስቀይም ነበር።

ዞር ብላ አየችው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አጠገቤ ተቀምጠህ ስትሰማኝ። ስለ እህቴ ስነግርህ።»

«አዎ።»

«ለምን አልተቃወምክም?»

«የመጨረሻው አጀንዳ ነበር። ሻይ መጥቶ ነበር።» ድምፁ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። «'ተቃውሞ ያለው አለ?' ሲሉ ሁሉም ብርጭቆውን እያነሣ ነበር። ውሳኔው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ልል ፈልጌ ነበር። መቃወም ለመምህራን ብቻ መሰለኝ። ደግሞ አማካሪዬ አጠገቤ ነበሩ፤ ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ረዳት መምህር አድርገው ሊያስቀሩኝ ያስባሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ…»

«በአንተ አፍ ዝንብ አልገባም። እህቴ ግን ሱቅ ውስጥ ቀረች።»

«ላስተካክለው እየሞከርኩ ነው።»

«ከእኔ ጋር ደረጃ በመውጣትና በመውረድ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጅቡ በር የሚከፍትለት ባልየው መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

የሚለው ነገር ያለው ይመስል አፉን ከፈተ። ጠበቀችው። ከልቧ ጠበቀችው። መልሶ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ በአንድ በር ሲገባ በሌላው ትወጣለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲያያት መጽሐፏን ይዛ ትነሣለች። የጎዳት ተንኮል ቢሆን ተንኮል ብላ ትጠላው ነበር። ተንኮል እንኳ አልነበረም፤ ሻይ ነበር፣ ይሉኝታ ነበር፣ አማካሪን አለማስቀየም ነበር። የሰው ዕድል በዚህ በዚህ ይበላሻል? በጣም የምትናደደው ግን በራሷ ነው፤ ማታ ማታ ዕለቱን የምትነግረው ሰው ሲያምራት፣ የሚያምራት እሱ ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ የዘንድሮ ተመራቂዎችን ዝርዝር ለማጽደቅ ተጠራ። ጠበቃ ከስብሰባው በኋላ ኃላፊውን ለመጨረሻ ጊዜ ልታናግር በር ላይ ተቀመጠች። ሙቀት ስለነበር በሩን ገርበብ አድርገውታል። አጀንዳዎቹ በየተራ አለፉ። የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ሰማች።

«እንግዲህ የተመራቂዎች ዝርዝር ቀርቧል፤» አሉ ኃላፊው። «ተቃውሞ ያለው አለ? ከሌለ…»

«አለኝ።»

ድምፁን መጀመሪያ አላወቀችውም። እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

«አንተ? በምኑ ላይ?»

«በዝርዝሩ።»

«የአንተም ስም እኮ አለበት።»

«አለበት። ሁለተኛ የንድፈ ሐሳብ ኮርስ ስላለኝ ነው። እሱንም የወሰድኩት ጠዋት መነሣት ስለማልወድና ክፍለ ጊዜው ከሰዓት ስለነበር ነው። ጠዋት ተነሥተው ፍትሕ የተማሩት ግን ቀርተዋል።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን እንደ ሳቀ ሲያውቅ አቆመ።

የንድፈ ሐሳብ መምህሩ፣ የልጁ አማካሪ፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ። «ልጄ፣ ስሜታዊ አትሁን። የአንድ ትምህርት ክፍል ሥርዓት በየተማሪው ሁኔታ አይለዋወጥም።»

«መምህር፣ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ፈተና ላይም አምጥተውታል። የጻፍኩትን ትክክል ብለው አርመውልኛል። ወይ ያኔ ተሳስተው አርመውልኛል፤ ወይ አሁን ተሳስተናል።»

«ዝርዝሩ ካልጸደቀ ማንም አይመረቅም፤ ይገባሃል?» አሉ ኃላፊው። «ለወላጆች ምን እንላለን?»

«ፍትሕ አይቆጠርም ብለናል በሏቸው።»

«ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው፤» አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ድምፅ።

«ባለፈውም በሻዩ ምክንያት ነው፤» አለ ልጁ።

ልማድ ልማድ ነው፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ሳምንት አደረ።

መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበር። ፊቱ ቀልቷል። ስታየው ቆመ።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው።

«እጄን ሳነሣ ለአንቺ ብዬ ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መናገር ስጀምር ግን ተናደድኩ። እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርገው? ደረቴን ሊከፍተው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው?»

ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች። አንዱንም አላደረገችም። ቦታ ለቀቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም፤» አለች።

«አልመሰለኝም።»

ሳምንቱ የመከራ ሳምንት ሆነ። ለልብስ የተለኩ፣ ዘመድ የጠሩ ተመራቂዎች ልጁን በየመንገዱ ሰደቡት። የመኝታ ክፍሉ ጓደኛ አኮረፈው። ኃላፊው ጋ የወላጅ ስልክ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ዝምተኛው ወይ ፍንክች። «ተቃውሞህን አንሣ» ላለው ሁሉ ምክንያቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳል። እሷም አጠገቡ ቆማ እሱ የዘለለውን ትሞላለች። አንዳንዱ ሰምቶ ያፍራል፤ አንዳንዱ ተሳድቦ ያልፋል።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ኮርሱን ከመዛወሩ በፊት የወሰዱ ሁሉ በንድፈ ሐሳብ ይያዝላቸው አለ። ሻይ እንኳ አልደረሰም። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ጠበቃ ወሬውን ስትሰማ መደሰት ሲገባት ጥርሷን ነከሰች። በአንድ ትንፋሽ ለሚባል ነገር ስንት በር አንኳኳች።

ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። የረዳት መምህርነቱ ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ለልጁ የነገረው ሰው የለም፤ አማካሪው ሰላምታውን በራስ ንቅናቄ ሲመልሱለት ገባው።

በተመረቁበት ቀን፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል፣ ረጅም ጊዜ ፊት ለፊት ቆሙ። የሚባል ነገር ነበር፤ እሷ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። እናቱ ለፎቶ ጠሩት። «መልካም መንገድ፤» አላትና ሄደ። ጠበቃ እስከ አውቶቡሱ ድረስ በንዴት ዐይኗን ስትጠርግ ሄደች። እጅ ማንሣት ተምሯል፤ ስለ ራሱ ልብ መናገር ግን ገና ነው። ይህን ደግሞ የትኛው ኮሚቴ ያስተምረው?

ታናሿ በክረምቱ መጨረሻ ሄደች። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆና ስትስቅ ጉንጯ እርጥብ ነበር። «እታለም፣ ረጅሙ ዚፕ ከታች መሳቢያ ነው፤» ብላ ጮኸች። ጠበቃ ሱቅ ገብታ በሳምንቱ ውስጥ የክሮቹን ቦታ ሁሉ አጠናች። ከሰዓት ከሰዓት ለሥራ ማመልከቻ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የበሩ ብርሃን ተጋረደ። በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ሸሚዙ በአውቶቡስ ጉዞ ተጨማዷል። ጠበቃ ቁልፎች በእፍኟ ይዛ ባለችበት ቀረች።

እናቷ ከመቀሷ ቀና አለች። «ማነው? ዚፕ ነው የሚፈልገው?»

«የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፣ እማዬ፤» አለች ጠበቃ ፈጥና።

«አይደለሁም፤» አለ።

እናትየው ጆሮዋን ወደ በሩ ቀሰረች።

«ማለቴ፣ ጓደኛዋስ ነኝ።» አንዴ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ቀና አለ። «የመጣሁት ግን ስለምወዳት ነው፣ እማማ። ያኔ ልነግራት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

እናትየው መቀሷን አስቀመጠች። በደከመ ዐይኗ ወደ ድምፁ ትኩር ብላ አየች።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? እሷ እዚያ ቆማ የለችም?»

ወደ ጠበቃ ዞረ። መንገዱን ሙሉ የተለማመደው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ሁሉም ጠፋው። «እወድሻለሁ፤» አለ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ቁልፎቹ ከእፍኟ አምልጠው ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ማንም አላነሣውም።

«ሰምቼሃለሁ፤» አለችው።